አክሊሉ ለማና የጅረቱ ሥርዓት፦ የሥነ ምኅዳር መሠረተ ሐሳቦች በአንድ ሳይንቲስት ሕይወት ውስጥ

ከነቀምቴ ተነሥቶ በዲጋ በኩል ወደ ጊምቢ የሚወስደው መንገድ በአጭር ርቀት ውስጥ ከቀዝቃዛው ደጋማ አየር ወደ ቆላ ይወርዳል። መንገደኛው ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ካለችው ከተማ ወጥቶ የዲዴሳን ድልድይ እስኪያቋርጥ ድረስ ዛፉ፣ ሰብሉ፣ ነፍሳቱና በሽታው ይለዋወጡበታል። ከላይ ጤፍና ዳጉሳ የሚዘራው ገበሬ ከታች በቆሎ፣ ማሽላና ሰሊጥ ይዘራል፤ ከላይ እምብዛም የማያሰጋው የከብት ገንዲ ከታች በቆላ ዝንብ አማካይነት በሬውን ከቀንበር ያስቀራል። ከዲጋ ኮረብታዎች የሚወርዱት ጅረቶችም ሁሉንም ዳርቻ እየነኩ ዲዴሳ ይገባሉ፤ ዲዴሳም ዐባይ ይገባል። ለአካባቢ ሳይንስ መግቢያ ትምህርት ከዚህ የተሻለ የመስክ መማሪያ ማግኘት ያስቸግራል።

ይሁን እንጂ ትምህርቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በትርጉሞች ነው። ሥነ ምኅዳር ሕያዋን ፍጥረታት እርስ በርሳቸውና ከሚኖሩበት ከባቢ ጋር ያላቸውን ግንኙነት የሚያጠና የዕውቀት ዘርፍ እንደ ሆነ፣ ሥርዓተ ምኅዳር ደግሞ ሕያውና ሕይወት አልባ ክፍሎችን አንድ ላይ የያዘ እንደ ሆነ ተማሪው ይሸመድዳል። ሸምድዶም ያልፋል። ትርጉሙ በአንድ ጅረት ላይ እንዴት እንደሚሠራ፣ ሰውም በዚያ ሥርዓት ውስጥ የት እንደሚቆም የሚያሳየው ግን የሚታይ ጉዳይ ሲቀርብ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ለዚህ የሚመጥነው ጉዳይ የዶክተር አክሊሉ ለማ ሕይወትና የእንዶድ ምርምራቸው ነው። የምርምሩ ዋና ስፍራ ዓድዋ ነበር፤ ጥያቄው ግን የመስኖ ቦይ በሚቆፈርበትና ሕዝብ ወደ ወንዝ ዳር በሚሰፍርበት በማንኛውም ሸለቆ፣ በዲዴሳም ጭምር፣ የሚነሣ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

አክሊሉ ለማ በመስከረም 1935 በምሥራቅ ኢትዮጵያ ተወለዱ። በአጋጣሚ ያው ዓመት እንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ አርተር ታንስሊ ሥርዓተ ምኅዳር የሚለውን ጽንሰ ሐሳብ ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ ያስተዋወቀበት ነው። ታንስሊ ያሳሰበው ዕፅዋትና እንስሳትን ከአፈሩ፣ ከአየሩና ከውኃው ለይቶ ማጥናት ነበር፤ ሁሉም የአንድ ሥርዓት ክፍሎች ናቸው የሚል አቋም ነበረው። አክሊሉ ያደጉት ጥቂት ኢትዮጵያውያን ብቻ የከፍተኛ ትምህርት ዕድል በሚያገኙበት ዘመን ሲሆን፣ ወደ አሜሪካ ተሻግረው ተምረው በ1964 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበሉ። ሙያቸው የጥገኛ ተውሳኮች ጥናት ነበር። ወዲያውም ወደ አገራቸው ተመልሰው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ።

በዚያን ጊዜ ተመራማሪዎችን ያስጨንቁ ከነበሩት በሽታዎች አንዱ ቢልሃርዚያ ነው። በዓለም ላይ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንደ ተያዙበት ይገመት ነበር። ትሉን በ1851 ካይሮ ውስጥ ያገኘው ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ቢልሃርዝ ሲሆን፣ በሽታው ስሙን ይዞ ቀርቷል። ነገር ግን ትሉ ከሰው ወደ ሰው እንዴት እንደሚሻገር እስኪታወቅ ከ60 ዓመት በላይ ወስዷል። የዘገየበት ምክንያት ለሥነ ምኅዳር ተማሪ ቁም ነገር አለው፦ ሐኪሞች በሽታውን ይፈልጉ የነበረው በሕመምተኛው አካል ውስጥ ሲሆን፣ ግማሹ የትሉ ሕይወት ግን ያለው በውኃ ውስጥ ነው።

ዑደቱ እንዲህ ነው። በሽታው ያለበት ሰው ወንዝ ዳር ሲጸዳዳ ወይም ዝናብ ዐይነ ምድሩን አጥቦ ወደ ጅረት ሲያስገባው የትሉ እንቁላል ከውኃ ይገናኛል። እንቁላሉ ተፈልፍሎ በዓይን የማይታይ ጭል ይወጣል፤ ይህ ጭል በሕይወት የሚቆየው ለሰዓታት ብቻ ስለሆነ በዚያ ጊዜ ውስጥ ተስማሚ ቀንድ አውጣ ማግኘት አለበት። ማንኛውም ቀንድ አውጣ አይቀበለውም። በኢትዮጵያ የአንጀት ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ዋነኛው፣ ጠፍጣፋና እንደ ሳንቲም የተጠቀለለ ቅርፊት ያለው፣ ቀስ ብሎ በሚፈስ ውኃ ዳርና በዕፅዋት ላይ የሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ነው። ጭሉ በቀንድ አውጣው ውስጥ ለሳምንታት ከተራባ በኋላ አንዱ ብዙ ሺህ ሆኖ ወደ ውኃው ይመለሳል። ውኃ የሚቀዳ፣ ልብስ የሚያጥብ፣ የሚዋኝ ወይም ከብት የሚያሻግር ሰው ቆዳውን በስቶ ይገባል። ከዚያም ትሉ በደም ሥር ውስጥ አድጎ ለዓመታት እንቁላል ይጥላል፤ ጉበትና አንጀት ይጎዳሉ፣ ሕፃናት ይቀጭጫሉ።

በዚህ ዑደት ውስጥ የሥነ ምኅዳር መግቢያ መጽሐፍ የሚያስተምራቸው ነገሮች ሁሉ አሉ። ተሸካሚና ጥገኛ አለ፤ ለመኖር የሚመጥን የሙቀትና የውኃ ፍጥነት ወሰን አለ፤ የሰው ልማድም አለ። በኢትዮጵያ የአንጀት ቢልሃርዚያ በብዛት የሚታየው በወይና ደጋው ከፍታ ነው፤ እጅግ ከፍ ባለው ደጋ ቅዝቃዜው ቀንድ አውጣውንም በውስጡ ያለውን ጭልም ይገታል። የሽንት ቧንቧ ቢልሃርዚያ ደግሞ ሌላ ዓይነት ቀንድ አውጣ ስለሚሻ በዝቅተኛው ቆላ ይወሰናል፤ ከወለጋ በስተ ምዕራብ በኩርሙክ አካባቢ የሚገኘው ይህ ነው። ከሰንሰለቱ አንዱ ቀለበት ሲበጠስ ቀሪው እንደሚላላም ግልጽ ነው። በአክሊሉ ዘመን የነበሩት መድኃኒቶች አስቸጋሪ የጎን ጉዳት ስለ ነበራቸው ትኩረቱ ያረፈው በቀንድ አውጣው ላይ ነበር። ቀንድ አውጣ የሚገድሉት የፋብሪካ ኬሚካሎች ግን በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ ውድ ነገሮች ነበሩ።

ወጣቱ ምሁር በ1964 ወደ ዓድዋ የሄዱት ይህን የቀንድ አውጣ ሥርጭት ለማጥናት ነው። ጅረቱን እየተከተሉ ሲቆጥሩ አንድ ያልጠበቁት ነገር ገጠማቸው፦ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ያለው የጅረቱ ክፍል ከሌላው ይልቅ በሞቱ ቀንድ አውጦች ተሞልቶ ነበር። ከማጠቢያው በላይ ያሉት ግን ሕያዋን ናቸው። ውኃው ያው፣ ደንጊያው ያው፣ የፀሐዩም ሙቀት ያው ነው። የተለየው በመካከል ያለው የሰው ሥራ ነበር። ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር፤ የእንዶድ ፍሬ ደርቆና ተወቅጦ አረፋ እንዲያወጣ ተደርጎ ለዘመናት ነጠላና ጋቢ ሲያነጣ የኖረ የአገር ሳሙና ነው። በኦሮምኛም ሃንዶዴ ተብሎ ይታወቃል።

ዶክተር አክሊሉ ከወንዙ ላይኛው ክፍል ሕያዋን ቀንድ አውጦች አስለቅመው ከአጣቢዎቹ አንዷ የእንዶዱን አረፋ ቀንድ አውጦቹ ባሉበት ዕቃ ውስጥ እንድትጨምር ጠየቁ። ጨመረች። ቀንድ አውጦቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

ይህ ቅጽበት ብዙ ጊዜ እንደ ዕድል ይተረካል። እንዲህ መተረኩ ግን ትክክለኛውን ነገር ይሸፍናል። በዚያ ጅረት ዳር ያለፉ ሰዎች ሁሉ የሞቱ ቀንድ አውጦችን ሳያዩ አልቀሩም፤ አጣቢዎቹም እንዶድ ዓሣንም ሆነ ትናንሽ የውኃ ፍጥረታትን እንደሚጎዳ ከተሞክሮ የማያውቁበት ምክንያት የለም። አዲስ የሆነው ሁለቱን ቦታዎች፣ የላይኛውንና የታችኛውን፣ እንደ ማነጻጸሪያ አድርጎ ማየትና ሰውን ከጅረቱ ሥርዓት ውጪ አለማድረግ ነው። ከመጽሐፉ ብቻ የሚነሣ ተመራማሪ ማጠቢያውን የጥናቱ ረብሻ አድርጎ ቆጥሮት ቆጠራውን ወደ ሌላ ቦታ ባዛወረ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የቤተ ሙከራ ነበር። ፍሬው ተፈጨ፣ ተመዘነ፣ በተለያየ መጠን በውኃ ተበጠበጠ፤ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ በሚሊግራም የሚቆጠር ዱቄት ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ታወቀ። አክሊሉ በ1966 በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ። ሥራው ወደ አሜሪካም ተሻግሮ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም የፍሬው ገዳይ ንጥረ ነገር ተለይቶ በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ። ንጥረ ነገሩ ሳፖኒን ከሚባሉት አረፋ ከሚያወጡ የዕፅዋት ውሁዶች ወገን ነው፤ ልብሱን የሚያጸዳው ባሕርይና ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ባሕርይ ከአንድ ምንጭ የሚወጡ ናቸው።

የእንዶድ ጥቅም ወሰን እንዳለውም መታወቅ አለበት። በውኃ ውስጥ በቀናት ጊዜ ይበሰብሳል፤ ይህ በአካባቢ ረገድ ትልቅ ብልጫ ነው፣ እንደ ብዙዎቹ የፋብሪካ መርዞች በአፈርና በምግብ ሰንሰለት ውስጥ አይከማችምና። ይሁን እንጂ ዓሣን ይገድላል፣ ዓይንን ያስቆጣል፣ የቀንድ አውጣውንም እንቁላል አያጠፋም። ስለዚህ እንቁላሎቹ ሲፈለፈሉ ሥራው መደገም አለበት። አንዳንድ ጽሑፎች እንዶድን ጉዳት የሌለው ተአምር አድርገው ማቅረባቸው ለአክሊሉ መታሰቢያ የሚበጅ አይደለም፤ እሳቸው ያቀረቡት በመጠን፣ በጊዜና በቦታ የሚወሰን መሣሪያ ነው።

መሣሪያው በአንድ ከተማ ስፋት የተፈተነው እዚያው ዓድዋ ነው። ከ1969 እስከ 1974 በከተማዋ ጅረቶች ላይ በአካባቢው የተሰበሰበ የእንዶድ ዱቄት በየጊዜው ተጨመረ። ሲጀመር ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት መካከል 50 በመቶ ያህሉ በሽታው ነበረባቸው፤ ሲፈጸም ወደ 7 በመቶ ወረደ። ሕፃናቱ የተመረጡበት ምክንያት አለው። ትሉ በአዋቂ ሰው አካል ውስጥ ለብዙ ዓመታት ስለሚኖር የአዋቂው መያዝ የዛሬውን ጅረት አይመሰክርም፤ ከአምስት ዓመት በፊት ያልተወለደ ሕፃን ግን የያዘው በሽታ የቅርቡን ውኃ ሁኔታ ይናገራል። ሕፃኑ የጅረቱ መለኪያ ሆነ ማለት ነው። በትምህርት ቋንቋ ይህ ጠቋሚ ይባላል፤ እንዲህ ያለ ጠቋሚ መምረጥ ምን ያህል አስተዋይነት እንደሚጠይቅ ግን የመስክ መረጃ ለመሰብሰብ የሞከረ ሁሉ ያውቀዋል።

ውጤቱ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ እንዶድ በስፋት ሥራ ላይ አልዋለም። የዓለም ጤና ድርጅት ቁሱ በሰውና በአካባቢ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ዓለም አቀፍ መመዘኛን በሚያሟሉ ቤተ ሙከራዎች ሳይመረመር ሊደግፈው እንደማይችል አቋም ያዘ። ጥያቄው በራሱ ተገቢ ነበር፤ ወደ ሕዝብ ውኃ የሚገባ ነገር መመርመር አለበት። ችግሩ መመዘኛውን የሚያሟሉት ቤተ ሙከራዎች በሀብታም አገሮች ያሉ መሆናቸውና ወጪውን የሚሸፍን አለመገኘቱ ላይ ነው። የፋብሪካ ኬሚካል ከጀርባው የሚሸጠው ኩባንያ አለ፤ በአጥር ላይ የሚበቅል ቁጥቋጦ ግን ባለቤት ስለሌለው ለምርመራው የሚከፍልለት የለም። በአዲስ አበባ የተገኘ ውጤት በራሱ በቂ ተደርጎ አለመቆጠሩ አክሊሉን እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ ያንገበገባቸው ጉዳይ ነበር። ድሃ አገሮች የራሳቸውን የምርምር አቅም ካልገነቡ የራሳቸውን ዕውቀት እንኳ ማስመስከር እንደማይችሉ በየመድረኩ ተከራክረዋል።

ምርመራው በመጨረሻ በካናዳ ድጋፍ በ1980ዎቹ ተካሂዶ እንዶድ በተገቢው መጠን ሲሠራበት ለአጥቢ እንስሳት የጎላ ሥጋት እንደሌለው ተረጋገጠ። በዓድዋ ጅረት ከታየው ቅጽበት እስከዚህ ድረስ ሩብ ምዕት ዓመት አልፎ ነበር። በዚያው ጊዜ ፕራዚኳንቴል የተባለው በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ተስፋፍቶ የቢልሃርዚያ ቁጥጥር ፊቱን ከወንዙ ወደ ሕመምተኛው መለሰ። መድኃኒቱ ብዙ ሰው አድኗል። ሆኖም የዳነው ሕፃን ወደዚያው ጅረት ሲመለስ እንደገና ይያዛል፤ ቀንድ አውጣው እዚያው አለና።

በእነዚህ ዓመታት የእንዶድን ሥራ በአገር ቤት ይዘው የቆዩት ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። የእሳቸው ድርሻ ከአክሊሉ ስም ጥላ ሥር ሆኖ መቅረቱ አግባብ አይደለም። ከልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ክፍሎች የእንዶድ ዝርያዎችን አሰባስበው ምርታማነታቸውን፣ ተባይን የመቋቋም አቅማቸውንና ቀንድ አውጣ የመግደል ኃይላቸውን በማነጻጸር 44 ቁጥር የተሰጠውን ዝርያ መረጡ። ይህ ደግሞ ሌላውን የሥነ ምኅዳር ትምህርት ያሳያል፦ እንዶድ የሚባል አንድ ተክል የለም፤ በከፍታ፣ በአፈርና በዝናብ የተለያየ ሕዝበ ተክል ነው ያለው፤ መድኃኒትነቱም ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። በአጥር ጥግ የሚቆረጥ አንድ ቁጥቋጦ ሌላ ቦታ የማይገኝ ባሕርይ ይዞ ሊጠፋ ይችላል።

አክሊሉ በዚህ መካከል ከዩኒቨርሲቲው ወጥተው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በሳይንስና ቴክኖሎጂ ዘርፍ፣ በኋላም ፍሎረንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ዕድገት ማዕከል አገልግለዋል። ከቢሮ ሥራ ጋር የእንዶድን ጉዳይ አልተዉም። በ1989 እሳቸውና ለገሠ ወልደ ዮሐንስ አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ።

በ1990 ሌላ ያልታሰበ ምዕራፍ ተከፈተ። አክሊሉ የክብር ዲግሪ ለመቀበል በኦሃዮ ወደሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። ከተማዋ ከኢሪ ሐይቅ ዳር ናት፤ በዚያን ጊዜ ከአውሮፓ በመርከብ ውኃ ውስጥ ተጭኖ የመጣ ዜብራ የተባለ ባለ ሽንትር ቅርፊት የውኃ ፍጥረት የአሜሪካን ታላላቅ ሐይቆች ወርሮ የውኃ ቧንቧዎችን ይደፍን ነበር። በመጣበት አካባቢ ጠላት የሚሆኑት ፍጥረታት ያሉት፣ በአዲሱ ስፍራ ግን የሚገታው ያጣ መጤ ዝርያ ምን እንደሚያደርግ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም። ቅርፊት ለባሽ የቀንድ አውጣ ዘመድ በመሆኑ እንዶድ ተሞከረበት፤ ገደለውም። ዩኒቨርሲቲው በአጠቃቀሙ ላይ የባለቤትነት መብት ጠየቀ፤ የአክሊሉ ስም ከፈጣሪዎቹ መካከል ቢገባም ጉዳዩ ክርክር አስነሣ። የዓድዋ አጣቢዎች ለትውልድ ጠብቀው ያቆዩት ዕውቀት በኦሃዮ ንብረት ሲሆን ድርሻቸው የት ነው የሚለው ጥያቄ፣ ዓለም በ1992 በሪዮ ስለ ብዝኀ ሕይወት ስምምነት ሲወያይ ከቀረቡት ምሳሌዎች ጋር የሚነሣ ሆነ።

አክሊሉ ለማ በሚያዝያ ወር 1997 በ61 ዓመታቸው ዐረፉ። የመሠረቱት ተቋም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው ይጠራል።

ወደ ወለጋ ሲመለሱ ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በሆሮ ጉዱሩ የፊንጫ ወንዝ በ1973 ከተገደበ በኋላ በሸለቆው የመስኖ እርሻና በ1998 ሥራ የጀመረ የስኳር ፋብሪካ ተከተሉ፤ ከሌላ አካባቢ ብዙ ሠራተኛ መጣ፤ የአንጀት ቢልሃርዚያም በሸለቆው ሥር ሰደደ። ግድቡ ራሱ በሽታ አላመጣም። ያመጣው ቀስ ብሎ የሚፈስ ውኃ፣ ሣር የበዛበት ቦይና ትሉን ይዞ የመጣ ሰው በአንድ ቦታ መገናኘታቸው ነው። በዲዴሳ ሸለቆም በአርጆ በኩል የሸንኮራ እርሻ በመስኖ ይለማል፤ ከዲጋ ደጋማ ቀበሌዎች መሬት የጠበበባቸው ገበሬዎችም ወደ ታችኛው ሜዳ ወርደው እያረሱ ነው። ቁልቁለቱ ሲታረስ ጅረቱ ደለል ይሸከማል፤ ደለሉ በታች ሲያርፍ ውኃው ይተኛል፤ የተኛ ውኃ ደግሞ ለወባ ትንኝም ለቀንድ አውጣም ማደሪያ ነው። ከላይ ያለው ገበሬ እርከን ሠራም አልሠራ የሚታየው ከታች ባለው ሕፃን ጤና ላይ ሊሆን ይችላል።

እንዶድ በወለጋ አጥሮችና በጫካ ዳር ይበቅላል። ልብስ የሚታጠብበት ግን እየቀረ ነው፤ የሳሙና ኪስና ዱቄት በየገበያው ከገባ ወዲህ ፍሬውን የሚለቅም፣ የሚያደርቅና የሚወቅጥ ሰው አሮጊቶች ብቻ ሆነዋል። ሴቶች ዛሬም ከድልድዮቹ ሥር ያጥባሉ፤ ከእነሱ በታች ያለው ውኃ ግን የዓድዋውን ዓይነት ውኃ አይደለም። የሚወርደው አረፋ ከፋብሪካ የመጣ ነው። ከማጠቢያው በላይና በታች ያሉትን ቀንድ አውጦች ለይቶ ለመቁጠር የሚያስፈልገው ወንፊት፣ ነጭ ሳሕንና ማስታወሻ ደብተር ነው።